አራት ጥላ በአንድ ሜዳ፦ የፉትሳል ጫና እንዴት ይሠራል?

ዛሬ ማታ ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ ረከቦቱን ከማንሳትዎ በፊት አራት ሲኒ ጠረጴዛው ላይ ያስቀሩ። የተረፈ ፈንዲሻ ካለም ጥቂት ፍሬ ይያዙ። ስልክዎን አጠገብዎ ያድርጉ። ልጆቹ ገና ካልተኙ ይጥሯቸው፤ ሙከራው ከእነሱ ጋር ሲሆን ይጥማል።

የክፍሉን መብራት ያጥፉና የስልክዎን መብራት ያብሩ። ስልኩን በጎኑ አጋድመው መጽሐፍ ያስደግፉት፤ መብራቱ ያለበት ጥግ ወደ ታች፣ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋ። ብርሃኑ ጠረጴዛውን ታክኮ ፊት ለፊት ወዳለው ግድግዳ ይሄዳል። አሁን አንዷን ሲኒ በስልኩና በግድግዳው መካከል ያስቀምጡ። ጥላዋ ግድግዳው ላይ ያርፋል።

ሲኒዋን በጣትዎ ቀስ እያደረጉ ወደ ስልኩ ያስጠጓት። ጥላው ይሰፋል። ትንሽ ይጨምሩ፤ ግድግዳውን እየሸፈነው ይሄዳል። ሲኒዋ ያችው ሲኒ ናት። የተለወጠው የቆመችበት ቦታ ብቻ ነው።

ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በሰፈር አስፋልት ላይ አምስት ለአምስት ሲጫወቱ ሳያዩ አይቀሩም። ባላጋራ ኳስ ሲይዝ ሁሉም ግር ብለው ወደ ኳሷ ይሮጣሉ። ከዳር የቆመው «ያዘው! ሂድበት!» ይላል። ሩጫው ብዙ ነው፤ የሚነጠቀው ኳስ ግን ጥቂት ነው።

በደንብ የሠለጠነ የፉትሳል (የአምስት ለአምስት የቤት ውስጥ እግር ኳስ) ቡድን ግን ባላጋራውን ከገዛ ግቡ ፊት አላስወጣ ይለዋል፤ ያውም ባነሰ ሩጫ። ጫና የሚባለው ይህ ነው። ምሥጢሩ አሁን ግድግዳዎ ላይ ያዩት ጥላ ነው።

ጥላው የሚሠራው ሥራ

የስልኩን መብራት ኳስ የያዘው ባላጋራ አድርገው ይውሰዱት። ከመብራቱ የሚወጣው እያንዳንዱ ጨረር ኳሷን ሊያቀብል የሚችልበት አንድ መንገድ ነው። ሲኒዋ የእኛ ተከላካይ ናት። ጥላው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ኳሷ በመሬት ልትደርስበት የማትችል ቦታ ነው።

ጥላው ውስጥ የቆመ ባላጋራ ነጻ ይመስላል። አጠገቡ ማንም የለም፤ እጁን አውጥቶም ይጣራል። ኳሷ ግን አትደርሰውም። አንድ ልጅ ሰውየውን ሳይነካው፣ ጀርባውን ሰጥቶት ቆሞ ከጨዋታ አወጣው ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ተከላካያችን እግሩን ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሸፍናል እንበል። ኳስ ከያዘው ሰው 6 ሜትር ርቆ ከቆመ፣ ከኳሷ 12 ሜትር ላይ የጥላው ስፋት 3 ሜትር ነው። ወደ 3 ሜትር ከተጠጋ ጥላው 6 ሜትር ይሆናል። 2 ሜትር ላይ ሲደርስ 9 ሜትር። የፉትሳል ሜዳ ወርድ በተለመደው ልክ 20 ሜትር ስለሆነ፣ ልጁ በአራት ሜትር ሩጫ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን የሜዳ ወርድ ዘጋ ማለት ነው።

የመጠጋቱን ጥቅም በፀሐይም ይፈትሹት። ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ፊት ይቁሙና ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ፊት፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይራመዱ። የጥላዎ ስፋት እምብዛም አይለወጥም። ፀሐይ እጅግ ሩቅ ስለሆነች የእርስዎ መጠጋት ለእሷ ምንም አይደለም። ከኳሷ ርቆ የሚንጎራደድ ተከላካይም እንዲሁ ነው፤ የሚሸፍነው የራሱን ስፋት ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ጨርሶ አይለጠፍበትም? በጣም የቀረበ ተከላካይ በአንድ ንክኪ ይታለፋል፤ ከታለፈ ደግሞ ጥላውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ አሰልጣኞች አቀራረቡን በሁለት ከፍለው ያስተምራሉ። መጀመሪያ በሙሉ ፍጥነት መሮጥ፤ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀር ደግሞ እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ሰውነትን ወደ ጎን አዙሮ መቆም። ክንድ ቢዘረጋ ሊነካው ጥቂት የሚቀረው ርቀት ላይ ይቆማል። የጫና የመጀመሪያው ትምህርት ይህ አቋቋም ነው።

አሁን ስልኩን ከጠረጴዛው ከፍ አድርገው ብርሃኑን ወደ ሲኒዋ ያዘንብሉት። ጥላው ወዲያው ያጥራል። ይህ ከአናት በላይ የሚላክ ኳስ ነው። ጥላ የሚዘጋው መሬት ለመሬት የሚሄደውን ኳስ ብቻ ነው።

የፉትሳል ኳስ ራሷ ግን ተከላካዩን ታግዘዋለች። ቁጥር 4 ናት፤ ዙሪያዋ ከ62 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ400 እስከ 440 ግራም። ከ2 ሜትር ከፍታ ስትለቀቅ የመጀመሪያ ንጥረቷ ከ50 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ሕጉ ያዛል። የፉትሳልም የተራ እግር ኳስም ኳስ ካለዎት ሲሚንቶ ላይ ከግንባርዎ ከፍታ ይልቀቋቸው። ተራዋ እግር ኳስ ወገብዎ ድረስ ስትመለስ የፉትሳሏ ከጉልበትዎ ብዙም አታልፍም። መሬት የምትወድ ኳስ ስለሆነች ቅብብሉ በአብዛኛው በመሬት ነው፤ በመሬት የሚሄድ ኳስ ደግሞ በጥላ ይዘጋል።

ጠረጴዛዎ ሜዳ ሲሆን

የጠረጴዛዎ ርዝመት የወርዱ እጥፍ ከሆነ ከፉትሳል ሜዳ ጋር ይመሳሰላል፤ ለአገር አቀፍም ለዓለም አቀፍም ጨዋታ የተለመደው ልክ 40 በ20 ሜትር ነው። ግቡ 3 ሜትር ወርድና 2 ሜትር ቁመት አለው። እነዚህ ልኮች ከእጅ ኳስ ሜዳ ጋር አንድ ናቸው፤ አምስት ተጫዋች መሆኑ ደግሞ ከቅርጫት ኳስ የመጣ ነው። ጨዋታውን የጀመረው መምህር ሁዋን ካርሎስ ሴሪያኒ እ.ኤ.አ. በ1930 በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ ለወጣቶች የቤት ውስጥ ኳስ ሲያዘጋጅ ከሌሎች ስፖርቶች ሕግ ተውሷል።

ሜዳው 800 ካሬ ሜትር ነው። ለአሥር ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 80 ይደርሰዋል። በትልቁ እግር ኳስ፣ 105 በ68 ሜትር ሜዳ ላይ፣ ለአንድ ተጫዋች የሚደርሰው ወደ 325 ካሬ ሜትር ነው። በፉትሳል የአንዱ ተከላካይ ጥላ የጓደኛውን ጥላ ለመንካት ይደርሳል። አራት ሰው እንደ አንድ ሆኖ መዝጋት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አራቱን ሲኒዎች ይደርድሩ፤ አንዷ ፊት፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ አንዷ ከኋላ። በረኛችን ከኋላቸው የጨው ዕቃው ይሁን። ስልኩን በጠረጴዛው ማዶ፣ በባላጋራ ግብ ፊት መሃል ላይ ያቁሙት። ሦስት ፈንዲሻ ደግሞ የባላጋራ ጓደኞች ይሁኑ፤ ሁለቱ በየመስመሩ፣ አንዱ ከፊት። የፊተኛው ፒቮት የሚባለው አጥቂ ነው። ብርሃን ያገኘ ፈንዲሻ ኳስ ያገኛል፤ ጥላ ውስጥ ያለው አያገኝም።

የፊቷን ሲኒ ቀጥ አድርገው ወደ ስልኩ ይግፏት። መሃሉ ይጨልማል፤ ግራና ቀኙ ግን ሁለቱም በርተዋል። ባላጋራው ሁለት ምርጫ አለው፤ እኛም ወዴት እንደሚያቀብል አናውቅም።

ይመልሷትና አሁን ከግራ በኩል ጎበጥ ባለ መንገድ ያምጧት። ግራውም መሃሉም ይጨልማል። ብርሃን የሚያገኘው የቀኙ ፈንዲሻ ብቻ ነው። ይህች ጎበጥ ያለች ሩጫ የጫናው ሁሉ ቁልፍ ናት። የመጀመሪያው ሰው ሥራ ኳስ መንጠቅ አይደለም፤ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ መወሰን ነው።

«አንዱን መንገድ ለምን እንተውለታለን?» ይሉ ይሆናል። ሁሉም ከተዘጋበት ኳሷን ወደፊት አንስቶ ይመታታል፤ የት እንደምትወድቅ ማንም አያውቅም። አንድ መንገድ ከተውንለት ግን የት እንደምትደርስ ቀድመን እናውቃለን። ቀድሞ ያወቀ ቀድሞ ይነሣል።

ኳሷ መስመር ላይ ስትደርስ

ስልኩን ወደ ቀኙ የጠረጴዛ ጠርዝ ያዛውሩት። በአንድ በኩል የሚሄደው ብርሃን ከጠረጴዛው ውጭ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። መሃል ሜዳ ላይ ኳስ የያዘ ሰው በ360 ዲግሪ ዙሪያውን ማቀበል ይችላል። የጎን መስመር ላይ 180 ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል፤ ማዕዘን ላይ ደግሞ 90። የማይደክምና የማይታለፍ ተከላካይ ቢኖር ያ የተቀባ መስመር ነው። ባላጋራውን ወደዚያ የምንሸኘውም ለዚህ ነው።

አሁን አራቱም ሲኒዎች በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሱ። በዚያ ጎን ያለችው ወደ ስልኩ ትጠጋና መስመሩን ታክኮ ወደፊት የሚሄደውን መንገድ ታጨልማለች። የመጀመሪያዋ ወደ ኳሷ አትሮጥም፤ ወደ መሃል የሚመለሰውን መንገድ ትዘጋለች። ከወዲያኛው ጎን ያለችው የያዘችውን ሰው ትታ ወደ መሃል ትገባለች። የኋላዋ ፒቮቱን ትይዛለች።

ልጆች የሚፈሩት ይህን ሰውን ትቶ ወደ መሃል መግባት ነው። «ሰውዬን እንዴት ትቼ ልምጣ?» ይላሉ። ጠረጴዛውን ያሳዩአቸው። ወዲያ ማዶ ያለው ፈንዲሻ ከስልኩ እጅግ የራቀ ነው፤ ኳሷ እሱ ጋ ለመድረስ የሁለት ሲኒ ጥላ ማለፍ አለባት። ብታልፍ እንኳ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ለመመለስ ጊዜ ይኖራል።

በረኛውም ከግቡ ወጣ ብሎ ይቆማል። በፉትሳል ከጨዋታ ውጪ የሚባል ሕግ የለም፤ ባላጋራ ከተከላካዮቻችን ጀርባ እንደልቡ መቆም ይችላል። ከአናት በላይ የምትመጣዋን ኳስ ቀድሞ የሚያወጣት በረኛው ካልሆነ ሌላ ሰው የለም።

መንገድ ላይ ያለች ኳስ

ጥላው የት መውደቅ እንዳለበት ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ መቼ መነሣት እንዳለብን ማወቅ ነው።

ነገ ደጅ ላይ ይሞክሩት። ሁለት ሰዎች አሥር እርምጃ ተራርቀው ኳስ ይቀባበሉ፤ ሦስተኛው ከተቀባዩ አምስት እርምጃ ርቆ ይቁም። በመጀመሪያው ዙር ኳሷ ተቀባዩ እግር ላይ ስትደርስ ብቻ ይነሣ። ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ሰውየው ኳሷን አቁሞ ቀና ብሎ ያየዋል። በሁለተኛው ዙር ኳሷ ከአቀባዩ እግር ስትለቅ ይነሣ። አሁን ከኳሷ ጋር እኩል ይደርሳል፤ ተቀባዩም አንገቱን እንደደፋ ነው።

በሴኮንድ 10 ሜትር የምትሄድ ኳስ 10 ሜትር ለመጓዝ አንድ ሴኮንድ ይፈጅባታል። በዚያች ሴኮንድ ውስጥ አንድ ወጣት ጥቂት ሜትር ይሮጣል። ኳሷ መንገድ ላይ ሳለች የማንም አይደለችም፤ ባላጋራም ሐሳቡን ሊለውጥ አይችልም። ያቺን ሴኮንድ የተጠቀመባት ቡድን ፈጣን ይመስላል።

ከዚህ ሌላ አሰልጣኞች የሚያስተምሯቸው የመነሻ ምልክቶች አሉ። ባላጋራው ኳሷን ሲያቆም ከእግሩ ካመለጠችው፣ ጀርባውን ወደ እኛ ግብ ሰጥቶ ከተቀበለ፣ ኳሷ እየነጠረች ከመጣችለት፣ ወይም አንገቱን ደፍቶ ኳሷን ብቻ ካየ፣ አራቱም ባንዴ ይነሣሉ። ምልክት ከሌለ ግን ቅርጹን ጠብቀው ይቆያሉ። አንዱ ብቻውን ከተነሣ ጥላዎቹ መካከል ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ ይከፈታል።

ሰዓቱና ሕጉ ለማን ይሠራሉ?

የፉትሳል ሕግ ውስጥ 4 ሴኮንድ የምትባል ቁጥር ደጋግማ ትመጣለች። ከጎን መስመር የሚመታው ኳስ፣ የማዕዘን ምት፣ ቅጣት ምት፣ በረኛው ከግብ ክልሉ የሚወረውረው ኳስ፣ ሁሉም በ4 ሴኮንድ ውስጥ መጀመር አለባቸው። በረኛ በራሱ ግማሽ ሜዳ ኳሷን በእጁም በእግሩም ከ4 ሴኮንድ በላይ መያዝ አይችልም።

አራት ሴኮንድ ምን ያህል አጭር እንደሆነች ለማየት የክፍሉን መብራት አብርተው የስልኩን ያጥፉ። ልጅዎ ዓይንዎን አስጨፍኖ ሲኒዎቹንና ፈንዲሻዎቹን እንደፈለገ ይደርድር። ዓይንዎን ሲከፍቱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ይቁጠርብዎ፤ እርስዎ ኳስ ሊደርሰው የሚችለውን ፈንዲሻ ይጠቁሙ። ከዚያ የስልኩን መብራት አብርተው ልክ መሆንዎን ያረጋግጡ። በአንድ ሲኒ ቀላል ነው። በአራት ሲኒ ግን ጣትዎ ማመንታቱ አይቀርም። ሜዳ ላይ ጥላው አይታይም፤ ኳስ የያዘው ልጅ በየቅጽበቱ የሚፈተነው ይህንኑ ፈተና ነው።

ሌላም ሕግ አለ። በረኛው ኳሷን ለጓደኛው ከሰጠ በኋላ፣ ባላጋራ ሳይነካት በገዛ ግማሽ ሜዳው እንደገና ሊቀበላት አይችልም። በትልቁ እግር ኳስ ተከላካይ ሲጨንቀው ለበረኛው ይመልሳል። በፉትሳል ያ መውጫ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ስለዚህ የባላጋራው በረኛ ኳስ የወረወረበት ቅጽበት ለጫና ከሁሉ የተመቸ ነው።

ሕጉ ጫና ፈጣሪውንም ይቆጣጠራል። የቡድኑ ጥፋት በእያንዳንዱ አጋማሽ ይቆጠራል። ከስድስተኛው ጀምሮ ባላጋራ የሰው አጥር ሳይደረደርበት በቀጥታ ወደ ግብ ይመታል፤ ምቱ ከግቡ 10 ሜትር ላይ ወይም ጥፋቱ የተሠራው ከዚያ ቀርቦ ከሆነ ከዚያው ቦታ ነው። ልብስ እየጎተተ፣ እየገፋ የሚጫን ቡድን በጨዋታው መሃል እጁ ይታሰራል። በአቋቋሙ የሚዘጋ ቡድን ግን እስከ መጨረሻው ሊጫን ይችላል።

ድካሙስ? ቅያሪ ያለ ገደብ ነው፤ ጨዋታው ሳይቆም ይገባል ይወጣል። አሰልጣኙ አራቱን ለጥቂት ደቂቃ አስጨንቆ ያጫውትና በሌሎች አራት ይተካቸዋል።

ለልጆች እንዴት ይሰጣል?

የሰፈር ልጆች የሚያሠለጥኑ ከሆነ በእርምጃ ይጀምሩ። አራት አጥቂዎች ኳሷን በእጃቸው እየተቀባበሉ ይራመዱ፤ አራቱ ተከላካዮችም እየተራመዱ ቦታ ይያዙ። መንጠቅ የለም። ኳሷ በቆመች ቁጥር «ቁሙ!» ይበሉና አንዱን ተከላካይ ይጠይቁት፤ «ከኋላህ ማን አለ?» ዞሮ ሳያይ ከመለሰ ትምህርቱ ገብቶታል።

ቀጥሎ ኳሷ ወደ እግር ትውረድ፤ መንጠቅ ግን አሁንም አይፈቀድ። ተከላካዮች ነጥብ የሚያገኙት ባላጋራው 4 ሴኮንድ ሙሉ የሚያቀብለው ሲያጣ ነው። ልጆቹ ወዲያው አንድ ነገር ይገነዘባሉ፤ ነጥብ የሚመጣው ከአንድ ሰው ሩጫ ሳይሆን አራቱም ባንድ ጊዜ ሲቆሙ ነው። መንጠቅን በመጨረሻ ይፍቀዱላቸው።

ንግግርም ያስለምዷቸው። ከኋላ ያለው ልጅ ሜዳውን ሁሉ ያያል፤ የፊተኛው ጀርባውን አያይም። «ሂድ»፣ «ግራ ዝጋ»፣ «ተመለስ»፤ ሦስት አጫጭር ቃላት ይበቃሉ።

ጫና የማይሠራበት ጊዜም አለ። የተመራ ቡድን ወደ መጨረሻው በረኛውን እንደ አምስተኛ ተጫዋች ወደፊት ሲያወጣ፣ አራት ጥላ ለአምስት ሰው አይበቃም። ያኔ ጥሩ ቡድን ወደ ግቡ ተሰብስቦ መሃሉን ይዘጋል።

ሙከራውን ከጨረሱ በኋላ አንድ ትልቅ ጨዋታ ፈልገው ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታሽከንት ብራዚል አርጀንቲናን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት የፉትሳል ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጥሩ ነው። ከአህጉራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ2020 እና በ2024 የአፍሪካን የፉትሳል ዋንጫ ያነሣችውን ሞሮኮን ይምረጡ። ለአምስት ደቂቃ ዓይንዎን ከኳሷ ያንሱና ከኳሷ የራቀውን ተከላካይ ብቻ ይከተሉ። ኳሷ ከአቀባዩ እግር በለቀቀች ቁጥር እሱም አብሮ ሲንሸራተት ያዩታል።

በየሰፈሩ «ቀርፋፋ ነው» ተብሎ በረኛ የሚደረግ ወይም ከዳር የሚቀር ልጅ አለ። የቡድን ጫና ግን ከእግር ፍጥነት ይልቅ ማየትን፣ ማሰብንና ጓደኛን ማመንን ይጠይቃል። ይህን ያ ልጅ ከማንም እኩል፣ አንዳንዴም በበለጠ ሊማረው ይችላል። ስለዚህ ከዳር ሲቆሙ «ሂድበት!» የሚለውን ይተዉና «ከኋላህ ማን አለ?» ብለው ይጠይቁት። በትክክል ከመለሰ ያሰልፉት።